መድኃኒት ማቋረጥ የወኔ ፈተና አይደለም

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ትምህርት ክፍያ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድና ስለ ማኅበራችን የውስጥ አሠራር አያሌ ጊዜ ጽፈናል። ሌሎችን ስንነቅፍም ብዕራችን ደንዝዞ አያውቅም። ዛሬ ግን የምንነቅፈው ራሳችንን ነው። ግለ ሂስ የሚባለው ነገር በስብሰባ ላይ እጅ አውጥተው የሚናገሩት ማጌጫ ካልሆነ በቀር፣ ያጠፋ ወገን ጥፋቱን በስሙ ጠርቶ፣ ከየት እንደመነጨ መርምሮ፣ ሁለተኛ እንዳይደገም ምን መደረግ እንዳለበት መናገር ይኖርበታል። እኛም የድባቴ መድኃኒት ያቋረጠ አንድ አባላችንን እንዴት አድርገን እንደበደልነው፣ በፈቃዱና ስሙን ሳንጠራ፣ እንናገራለን።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 እዚሁ ቤይሩት ነው። ያን ጊዜ አገሩ እንዴት እንደነበረ የነበረበት ሁሉ ያስታውሳል። ለብዙ ዓመታት አንድ ዶላር በ1,500 ሊራ ገደማ ይመነዘር የነበረው በጥቁር ገበያ ከ15,000 በላይ ደርሶ ነበር። ማዕከላዊው ባንክ ለመድኃኒት አስመጪዎች የሚከፍለው የውጭ ምንዛሪ በመንጠፉ ዕቃው መግባት አቆመ፤ የመድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ ባዶ ሆነ፤ ባለመድኃኒቶችም አድማ መቱ። የስኳርም፣ የደም ግፊትም፣ የካንሰርም፣ የአእምሮም ሕመምተኛ እኩል ተቸገረ።

ከተቸገሩት አንዱ የኛ አባል ነበር። ፓሮክሴቲን የሚባለውን መድኃኒት በቀን 20 ሚሊግራም ሁለት ዓመት ያህል ወስዷል። ከሐምራ እስከ ቡርጅ ሐሙድ በእግሩ ዞሮ አንድ ፓኮ አጣ። ወደኛ መጥቶ "ምን ላድርግ?" ሲል ምን አልነው? "ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ በዚሁ ተገላገለው" አልነው። "አባቶቻችን ስንቱን መከራ ያለ ክኒን ተወጥተውታል" አልነው። ከመካከላችን አንዱም "አንተ እኮ ወንድ ነህ" ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እሱም እሺ አለን። እንዴት እሺ አይለን? ከቤተሰቡ ርቆ ያለው እኛን ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ራሱን ያዞረው ጀመር። ዓይኑን ወደ ጎን ባዞረ ቁጥር ኤሌክትሪክ የነካው ያህል ጭንቅላቱ ውስጥ ንዝረት ይሰማዋል። ያቅለሸልሸዋል፤ ያልበዋል፤ ሌሊት በቅዠት እየጮኸ ይነሣል፤ ቀን ያለ ምክንያት ያለቅሳል፤ በትንሽ ነገር ይቆጣል። መብራት ጠፍቶ አሳንሰሩ በቆመበት ሕንፃ ደረጃውን የሚወርደው ግድግዳ ይዞ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስረክብ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው።

እኛም ተሰብስበን መከርን። አንዱ "በሽታው ተመልሶበታል" አለ። ሌላው "ሱስ ሆኖበት ነው" አለ። ሦስተኛው "አእምሮውን ነክቶታል፤ ወደ አገሩ እንላከው" ብሎ የአውሮፕላን ቲኬት መዋጮ ተጀመረ። የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ ያለ ግን አልነበረም።

ገንዘቡ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ አንዲት አብራው የምትማር ልጅ ሰፈሯ ወዳለ መድኃኒት ቤት ይዛው ሄደች። ባለመድኃኒቷ ሁሉንም ከሰማች በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው፦ "የመጨረሻዋን ክኒን የዋጥከው መቼ ነው?" ቀኑን ሲነግራት "ይህ የድሮው ሕመምህ አይመስለኝም፤ መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ በመተውህ የመጣ ነው። ዛሬውኑ ሐኪምህ ዘንድ ሂድ" አለችው። ሐኪሙም እንደዚያው ፈርዶ መድኃኒቱን መልሶ አስጀመረው፤ ክኒኑ የተገኘው ከካይሮ ከመጣ መንገደኛ ሻንጣ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ንዝረቱ ቆመ። ጽሑፉን በወቅቱ አስረከበ። በሚቀጥለው ዓመት ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ፣ አሥር ወር ወስዶ፣ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ተወው። የተሰበሰበው የቲኬት ገንዘብም ለየባለቤቱ ተመለሰ። ሐፍረቱ ግን ከኛው ጋር ቀረ።

ለመሆኑ ስሕተታችን ምን ነበር? ሦስት ነው።

የመጀመሪያው፣ ሱስንና የሰውነትን መላመድ አንድ አድርገን ማየታችን ነው። ሱስ የያዘው ሰው ነገሩን ይቋምጣል፣ መጠኑን ራሱ ይጨምራል፣ ጉዳቱን እያወቀ ያሳድደዋል። የድባቴ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እንዲህ ሲያደርግ አይታይም። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የዛሬ ዘመን የድባቴ መድኃኒቶች፣ በነርቭ ሕዋሳት መካከል መልእክት የሚያደርሰው ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር ቶሎ ተመልሶ እንዳይመጠጥ ያግዳሉ። አንጎልም ለወራትና ለዓመታት ከዚህ ሁኔታ ጋር ሲኖር ራሱን በዚያው ልክ አስተካክሎ ይቀመጣል። መድኃኒቱ በድንገት ሲነሣ አንጎል በአንድ ሌሊት ወደ ቀድሞው ሊመለስ አይችልም። መፍዘዙ፣ ንዝረቱ፣ ቅዠቱ፣ ለቅሶው የሚመጣው ከዚህ ክፍተት ነው። ይህ የሰውነት ሥራ እንጂ የጠባይ ጉድለት አይደለም።

መድኃኒቶቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። ቬንላፋክሲን ከደም ውስጥ ግማሹ ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል፤ በዚህ ምክንያት አንድ ቀን የዘለለ ሰው ማታውኑ ሊያመው ይችላል። ፓሮክሴቲን አንድ ቀን ያህል ይወስዳል፤ ይህም ከአስቸጋሪዎቹ መካከል ነው። ፍሉኦክሴቲን ግን ከሰውነት ተጠርጎ ለመውጣት ሳምንታት ስለሚፈጅበት ሲቋረጥ ብዙውን ጊዜ ይለዝባል፤ ቢመጣም ዘግይቶ ይመጣል። እንግዲህ "እኔ ሳቆም ምንም አልሆንኩም" የሚል ወገን፣ ያ የራሱ መድኃኒትና የራሱ ሰውነት ታሪክ መሆኑን ይገንዘብ።

ሁለተኛው ስሕተታችን፣ የማቋረጥን ምልክት ከበሽታው መመለስ ጋር ማምታታታችን ነው። እዚህ ላይ ብቻችንን አልነበርንም። ኢሚፕራሚን የተባለው ቀደምት የድባቴ መድኃኒት በስዊሱ ሐኪም በሮላንድ ኩን እ.ኤ.አ. በ1957 ይፋ ከተደረገ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1959፣ ሲቋረጥ የሚያስከትለው ችግር በሕክምና መጽሔቶች ተጽፎ ነበር። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሠርት ዓመታት ሕመምተኞች "መድኃኒቱን ስተው ታመምኩ" ሲሉ የሚሰጣቸው መልስ "ቀላል ነው፤ በሳምንት ይለቅሃል" ወይም "በሽታህ ተመልሷል" የሚል ነበር። የእንግሊዝ የአእምሮ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ችግሩ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ሊከብድና ሊረዝም እንደሚችል በይፋ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። የአገሪቱ የሕክምና መመሪያም በዚያው ዓመት ተሻሻለ። ይህ ለውጥ ከላይ ብቻ የወረደ አልነበረም፤ ሕመምተኞቹ ራሳቸው የደረሰባቸውን ሳይሰለቹ በመናገራቸው ጭምር የመጣ ነው።

በሌላ በኩል ነገሩን አግንኖ ማስፈራራትም ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት ሳይካያትሪ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመዘነ ጽሑፍ እንዳሳየው፣ የድባቴ መድኃኒት ካቆሙት መካከል 31 ከመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ምልክት ታይቶባቸዋል። ነገር ግን መድኃኒት የሌለበትን አስመሳይ ክኒን ካቆሙትም 17 ከመቶ ያህሉ ምልክት አለን ብለዋል። ልዩነቱ ሲሰላ ከመድኃኒቱ መቋረጥ የሚመጣው ችግር ከ6 ወይም ከ7 ሰዎች አንዱን ይነካል ማለት ነው። ብርቱ ምልክት የታየበት ደግሞ ከ35 ሰዎች አንዱ ገደማ ነው። ስለዚህ ብዙው ሰው ሳይቸገር ያቆማል። የሚቸገረው ግን የሚቸገረው በእውነት ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ያስፈልጋል።

ታዲያ የማቋረጥን ምልክትና የበሽታውን መመለስ በምን እንለያቸዋለን? የሚከተሉት ሦስት ነገሮች ይረዳሉ። አንደኛው ጊዜው ነው፤ የማቋረጥ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ መጠኑ በተቀነሰ ወይም በቆመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብቅ ሲል፣ ድባቴ ግን ብዙውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ቀስ እያለ ይመለሳል። ሁለተኛው ዓይነቱ ነው፤ የጭንቅላት ንዝረት፣ መዞርና ማቅለሽለሽ ሰውየው በፊት ታሞ ሳለ ያልነበሩበት አዲስ ነገሮች ናቸው። ሦስተኛው፣ መድኃኒቱ ሲመለስ በቀናት ውስጥ መሻሉ ነው፤ ድባቴ ግን በቀናት አይድንም። እነዚህ ሐኪም የሚመዝናቸው ፍንጮች እንጂ እኛ በሻይ ቤት የምንፈርድባቸው ሚዛኖች አይደሉም።

ሦስተኛውና ከባዱ ስሕተታችን ጉዳዩን የወኔ ጉዳይ ማድረጋችን ነው። "ወንድ ነህ" ያልነው ሰው ንዝረቱ ሲጀምረው እስከ አምስተኛው ቀን ደብቆናል። ለምን? ወንድነቱን እንዳናጎድልበት ነዋ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት እየተረትን፣ ወገናችን በሽታውን እንዲደብቅ ያደረግነው ግን እኛው ነን።

አሁን አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። "እንግዲያው ይህን ሁሉ ጣጣ ያለው መድኃኒት ለምን ይወሰዳል? ከተወሰደስ ዕድሜ ልክ ሊወሰድ ነውን?" የሚል ነው። መልሳችን፣ ያ የታመመው ሰውና የሐኪሙ ውሳኔ ነው የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ አገር በ478 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ይህንኑ ያስረዳል። ሁሉም መድኃኒቱን ለረዥም ጊዜ የወሰዱና ለማቆም ደኅና ነን ያሉ ነበሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ መድኃኒቱን ካቆሙት 56 ከመቶ፣ ከቀጠሉት ደግሞ 39 ከመቶ ድባቴው ተመልሶባቸዋል። ከዚህ የምንማረው አንደኛ፣ መቀጠል ብዙዎችን እንደሚጠቅም፤ ሁለተኛ፣ ካቆሙትም ከ10 አራት የሚበልጡት በዓመቱ ውስጥ ደኅና እንደነበሩ ነው። ማቆም የሚቻል ነገር ነው። ጥያቄው መቼና እንዴት የሚለው ነው።

እንዴት ለሚለው ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ያባቶች ቃል ከብዙ የማዘዣ ወረቀት ይበልጣል። መጠኑ ደረጃ በደረጃ ይቀነሳል፤ በየደረጃውም ሰውነት እስኪረጋጋ ይጠበቃል። ብዙዎች የማያውቁት ቁም ነገር ግን የመጨረሻዎቹ ደረጃዎች ከመጀመሪያዎቹ የሚረዝሙ መሆናቸው ነው። ሲታሎፕራም የተባለውን መድኃኒት ለምሳሌ እንውሰድ። 20 ሚሊግራም ሲወሰድ አንጎል ውስጥ ከሚይዘው ቦታ 80 ከመቶ ያህሉን ይይዛል። ወደ 9 ሚሊግራም ሲወርድ፣ ማለትም ከግማሽ በላይ ሲቀነስ፣ የሚለቀው ወደ 10 ከመቶ ብቻ ነው፤ አሁንም 70 ከመቶ ይዟል። በ5 ሚሊግራም ገደማ እንኳ 60 ከመቶ ያህል ይዞ ይገኛል። እንግዲህ "ትንሽ ናት" ብሎ ከ5 ሚሊግራም ወደ ባዶ የሚዘል ሰው የዘለለው ትንሿን ደረጃ ሳይሆን ከሁሉ ትልቋን ነው። በጨለማ የሕንፃውን ደረጃ ወርዶ አለቀ ሲል ገና አንድ ሙሉ ፎቅ ከቀረው ሰው ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህም ነው ሐኪሞች በመጨረሻ ላይ መጠኑን በጣም በጥቂቱ የሚቀንሱት፤ በሚገኝበት ቦታ ፈሳሹን መድኃኒት የሚያዙትም ለዚሁ ነው። አንድ ቀን ወስዶ አንድ ቀን መዝለል ግን ቀስ ማለት አይደለም፤ ቶሎ ከደም በሚወጡት መድኃኒቶች ላይ ሰውነትን በየሁለት ቀኑ ማንገላታት ነው።

በዚህ ጉዞ ላይ ላለ አባል የምንለው ይህ ነው። በፈተና ሰሞን፣ ቤት በምትቀይርበት ወይም ኀዘን ባገኘህ ወቅት መቀነስ አትጀምር። የቀነስክበትን ቀን፣ መጠኑንና የተሰማህን በደብተር ጻፍ፤ ሐኪምህ የሚፈርደው በዚያ ነው። ምልክቱ ከከበደህ ወደ ነበርክበት መጠን ስለ መመለስ ሐኪሙን ጠይቅ፤ ወደ ኋላ አንድ ደረጃ መውጣት ሽንፈት አይደለም። እንቅልፍህን ጠብቅ፤ ማታ ማታ ቡናውን ቀንስ፤ ሌሊቱን በጫትም ሆነ በመጠጥ አታሳልፍ። ራስህን ሲያዞርህ መኪና አትንዳ። አብሮህ ለሚኖር አንድ ሰው አስቀድመህ ንገር። ለአብዛኛው ሰው ምልክቱ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ያልፋል፤ ለጥቂቶች ግን ወራት ይወስዳል። የሚያልፍ ነገር መሆኑን ማወቅ ራሱ ግማሽ ዕረፍት ነው።

በምንኖርበት አካባቢ ደግሞ በተለይ ልናስብባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ረመዳን የሚጾሙ አባሎቻችን ወሩ ሲገባ በራሳቸው ፈቃድ እንዳያቋርጡ አደራ እንላለን። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደው ብዙውን ጊዜ በኢፍጣር ወይም በሱሁር ሰዓት ሊሆን ይችላልና ከወሩ በፊት ሐኪም ይጠየቅ። ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የሚሄዱም ለሙሉው ጊዜ የሚበቃ መድኃኒት ከነማዘዣው ይያዙ፤ በአንዳንድ የባሕረ ሰላጤ አገሮች የአእምሮ መድኃኒት ለማስገባት አስቀድሞ ፈቃድ የሚጠየቅበት ጊዜ ስላለ ከመንገድ በፊት ያጣሩ። አገር ቤት ሲደርሱ ጠበል የሚጠመቁትንም እምነታቸውን አንነካም። የምንለው ጠበሉም ጸሎቱም ይቀጥል፤ ክኒኑ ግን ከሐኪም ቃል ውጭ በአንድ ቀን አይጣል ነው።

ከኛም በበለጠ የተቸገሩ አሉ። በዚህ ከተማ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን መድኃኒታቸው የሚገዛው በአሠሪያቸው እጅ ከሆነ፣ ቤቱን ለቀው የወጡ ዕለት መድኃኒቱም ይቋረጣል። በሰው አገር መንገድ ላይ የቆመች፣ የምታለቅስ፣ ራሷን የሚያዞራት እህት ስናይ "አብዳለች" ከማለታችን በፊት ባለመድኃኒቷ የጠየቀችውን እንጠይቅ። አረብኛ የምንችለውም ሐኪም ቤት ይዘናት እንሂድ።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ለማኅበራችን አባላት የሚከተለውን እናሳስባለን፦

1ኛ) ማንም አባል ሌላውን "መድኃኒትህን ተው" ወይም "አትተው" ብሎ አይዘዝ። ይህ የሐኪምና የባለቤቱ ሥልጣን ነው።

2ኛ) አባላችን በድንገት ሲታመም መጀመሪያ የሚጠየቀው "ምን ነካህ?" ሳይሆን "የምትወስደው መድኃኒት አለን? የመጨረሻውንስ የወሰድከው መቼ ነው?" ይሁን።

3ኛ) መድኃኒት ከገበያ ሲጠፋ፣ ክኒኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለማኅበሩ ይነገር፤ በመንገደኛ በኩልም ሆነ ሐኪሙ በሚመርጠው ምትክ መፍትሔ ይፈለግ። ከሌላ ሰው ፓኮ ላይ ግን አይወሰድ።

4ኛ) ማኅበሩ ለቲኬት እንደሚያዋጣው ሁሉ ለሐኪም ክፍያም ያዋጣ።

5ኛ) ሕይወቴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ የመጣበት ወገን፣ ምክንያቱ የመድኃኒቱ መቋረጥም ይሁን በሽታው፣ ለአንዲት ሰዓት ብቻውን አይተው፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።

ያ አባላችን ዛሬ ተመርቆ ሥራ ይዟል። ይህን ጽሑፍ ሳናሳትም ረቂቁን አሳየነው። አንብቦ ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ጨምሩበት አለን፦ "ንዝረቱ አልፏል። እስከ ዛሬ የማይለቀኝ እናንተ ለቲኬት ስታዋጡ በበሩ ቀዳዳ የሰማሁት ነው።" ጨምረነዋል።